ለትዳር የተቀመጠ ጣውላ

«አራተኛ ክፍል የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ከመኪናው የወረደውን የመጀመሪያ ዴስክ እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

በሩ ላይ የቆመው ወጣት «ይኸው፣ ይሄ ነው» አላት።

አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። መሬቱ ላይ ሸራ ተነጥፏል። ሸራው ላይ ከተቀመጡት መካከል ከፊት ያለችው ልጅ ብትቆም ከእሷ ከራሷ ትረዝማለች። ከኋላ ያለው ጎረምሳ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሯል።

«ይቅርታ፣ የወላጆች ስብሰባ መሆኑን አላወቅኩም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ተማሪዎቹን ነው የምፈልገው።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። የታቀፈችውን ዴስክ ከላይ እስከ ታች አየው።

«እህቴ፣ ተማሪዎቹ እነዚህ ናቸው። ይሄን ግን ለአሻንጉሊት ነው ያመጣሽው?»

ፊቷ እሳት ሆነ። «ይሄ ሰው ሊያላግጥብኝ ነው» አለች በልቧ። እሱ ደግሞ «ከተሜዎቹ ሊያላግጡብን ይሄን ላኩልን» አለ በልቡ። ዴስኮቹ ወርደው እስኪያልቁ ድረስ ሁለቱም ዳግመኛ አልተያዩም።

ልጅቷ በከተማው የታወቀው የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት አንድያ ልጅ ናት። አባቷን አገሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው። የታመመ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲሄድ እንኳ ሜትሩ ከኪሱ አይጠፋም፤ አንድ ጊዜማ የበሽተኛውን አልጋ ለክቶ «አጭር ነው» በማለት ከነርሶቹ ጋር ተጣልቷል። እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ሥራ ቤቱ ውስጥ ንድፍ የምትነድፈውም፣ የምትለካውም፣ ቆርጣ የምትገጥመውም እሷ ናት። ሰው ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ደንበኛ ሲያመሰግናት እንኳ አንገቷን ትደፋለች።

ጋሽ ሜትር ለልጁ ያስተማራት አንድ ዋና ሕግ ነበረው። «የሚቀመጥበትን ሰው ሳታስቀምጪ ወንበር እንዳትቆርጪ» ይላታል። የእርዳታ ድርጅቱ ለስደተኞች መጠለያው ትምህርት ቤት «ለአራተኛ ክፍል» ብሎ ዴስክ ሲያዝ ግን ልኬት መውሰድ ያስፈልጋል አላለችም። አራተኛ ክፍልን ማን የማያውቅ አለ? ከተማው ውስጥ አራተኛ ክፍል ያሉት ልጆች እንቅፋት ሲመታቸው እናታቸውን የሚጠሩ ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ሲቃጠል ደብተራቸውን ጥለው ድንበር ያቋረጡ፣ ዓመታቸው በመንገድና በድንኳን ያለቀ፣ ያቋረጡትን ክፍል ከዚያው ካቆሙበት የቀጠሉ ልጆች መኖራቸው በሐሳቧ አልመጣም።

በማግስቱ ብቻዋን መጣች። በእጇ የያዘችው አንድ ጥቅል ሲባጎ ብቻ ነው።

«ለክቼ መሥራት ነበረብኝ» አለችው። 

የትናንቱ ወጣት፣ የክፍሉ መምህር፣ ከጥቁር ሰሌዳው ዞር አለ። ጣቶቹ በጠመኔ ነጥተዋል። «እኔም ‹ለአሻንጉሊት› ማለት አልነበረብኝም» አለ። «ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ዛሬ ጠዋት ዴስኩን ገልብጬ አየሁት። ከቁመቱ በቀር አንድ እንከን የለውም።»

ልጅቷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ሲባጎውን ፈታች።

ሲባጎውን ከተረከዝ እስከ ጉልበት እየዘረጋች፣ በየልጁ ልክ ቋጠሮ እየቋጠረች ክፍሉን ዞረች። ረጅሟን ልጅ ጓደኞቿ «ሎጋዋ» ነው የሚሏት። እሷ ተራዋ ሲደርስ እግሯን ዘርግታ «እትዬ ወንበር፣ ሲባጎው ይበቃሻል ወይስ ጎረቤት እንበደር?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠለያው ውስጥ ስሟ «እትዬ ወንበር» ሆኖ ቀረ።

ሁሉም ተለክቶ ሲያልቅ መምህሩ «እኔንስ አትለኪኝም?» አላት።

«አስተማሪ ቆሞ ነው የሚያስተምረው።»

«ሲደክመውስ?»

ልጆቹ «ኧረ ይለካ! ኧረ ይለካ!» ብለው ጮኹ። ተንበረከከች። ተረከዙ ላይ ሲባጎውን ያዘችና ወደ ላይ ዘረጋች። ቀና ስትል ከላይ እያያት ነበር፤ የሚያየው እጇን ሳይሆን ፊቷን ነው። ቋጠሮውን የት እንደቋጠረች አላወቀችም። ለልጆቹ ዴስኮች እግር ቀጥላ ስትመልስ ሁሉም በልክ ተገኘ፤ የመምህሩ ወንበር ብቻ አጠረ። እሱ ግን አንድም ቀን አላማረረም። ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው በኩራት ተቀምጦ ደብተር ያርማል። እሷ ያን ባየች ቁጥር ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቃታል።

ከዚያ በኋላ የመጠለያው ዴስኮች መታመም ጀመሩ። የመጠለያው ባለጋሪ አንዱን ጭኖ ወደ ሥራ ቤቱ ይመጣል፤ ዴስኩ ላይ ወረቀት ተጣጥፎ ተሰክቷል። «ይህ ዴስክ ትናንት ሲጥጥ ሰምቼዋለሁ። እባክሽ እዪው» ይላል የመምህሩ ጽሑፍ። ገልብጣ ታየዋለች፤ ዴስኩ እንደ ዓለት የጸና ነው። ወረቀቱን ገልብጣ «መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ። ተማሪው እንዳያናውጠው» ብላ ትጽፋለች። በአፏ ብትጠየቅ የማትለውን በእርሳስ ትለዋለች። ወረቀቶቹ ረዘሙ። ስለ ተማሪዎቹ ጻፈላት፤ ከድንበሩ ማዶ ስለቀረችው እናቱ፣ ሊጨርስ ሲል ስላቋረጠው ዩኒቨርሲቲ። እሷም ጻፈችለት።

አንድ ቀን ባለጋሪው ግንባሩን ቋጥሮ «እኔ የምለው እትዬ፣ ይሄ ዴስክ ስንት ጊዜ ነው የሚታመመው? ከእሱ ይልቅ በምልልሱ የታመመችው እኮ ፈረሴ ናት» አላት። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ዋለች።

በከተማው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በር ላይ ያ ነገር የሆነው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

ከአባቷ ጋር ነበረች። ጋሽ ሜትር የከተማው ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ከኮሚቴው ሰዎች ጋር እያወራ ከፊቷ ይሄዳል። መምህሩ የጠመኔ ካርቶን ታቅፎ ከመሸጫው ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፊቱ በራ።

«እንደምን ዋልሽ?» አላት፤ ሞቅ አድርጎ፣ በስም የሚጠራት ያህል።

የኮሚቴው ሰዎች ዘወር አሉ። አባቷም ዘወር አለ። ምላሷ ተሳሰረ። ዓይኖቿ ጫማዋ ላይ ወደቁ፤ እግሮቿም ሳታዛቸው አልፈውት ሄዱ።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለ አባቷ።

«ደንበኛ ነው» አለች።

ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ስትዞር ካርቶኑን እንደታቀፈ በቆመበት አየችው። መስማቱን ከትከሻው አወቀች።

በማግስቱ ባለጋሪው ባዶ ጋሪና አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «የተበላሸ ዴስክ ከእንግዲህ አልልክም። ከተማ ውስጥ የማታውቂኝ ከሆነ መጠለያው ውስጥም አትወቂኝ። ደንበኝነታችን እዚህ ላይ ይብቃ።»

መልስ ጽፋ ቀደደች። እንደገና ጽፋ እንደገና ቀደደች። በአፏ ፈንታ በእርሳስ መናገር የሚበቃበት ጊዜ እንዳለፈ ገባት፤ መግባቱ ግን አፏን አልፈታላትም።

የትምህርት ዘመኑ እንዲህ ተጠናቀቀ። የመጠለያው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል በላይ የለውም። አምስተኛን መማር የሚፈልግ የከተማው ትምህርት ቤት መግባት አለበት። የመምህሩ ተማሪዎች በሙሉ አልፈዋል። የወላጆች ኮሚቴው ጉዳዩን ለመወሰን ጋሽ ሜትር ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ፤ ልጅቷም ውሃ ልትቀዳላቸው ገብታ ማሰሮውን እንደያዘች ጥግ ላይ ቀረች።

«እኔ ለስደተኛ ጥላቻ የለኝም» አለ አባቷ፣ እጁን ዘርግቶ። «የምናገረው ስለ ወንበር ነው። ወንበር የለም! የራሳችን ልጆች ተጣበው ነው የሚቀመጡት።»

«ደግሞም ትልልቅ ናቸው» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል። «አንዷማ እኔን ታክላለች። ከልጄ ጎን ስትቀመጥ ልጄ አክስቱ የመጣች ነው የሚመስለው።»

ተሳሳቁ። ያልሳቀችው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ብቻ ናት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ዕድሜዋን ሙሉ ስብሰባ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ድካሟ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ጋሼ፣ የወንበሩ ጉዳይ እውነት ነው፤ ያሉትም ቢሆኑ ለእነሱ ጉልበት አይበቁም» አለች። «ነገር ግን ወንበሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ካለ እኔ በር አልዘጋበትም።»

ጋሽ ሜትር ሳቀ። «ከየት አምጥተው? የመጠለያው ዴስክ ለመጠለያው ነው። ድንኳን ውስጥ ጣውላ ይበቅላል?»

ልጅቷ ማሰሮውን አስቀምጣ ወጣች። በጓሮ በኩል ወደ ሥራ ቤቱ ገባች። ጥግ ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ጀምሮ አባቷ የቆለለው ጣውላ አለ። ለደንበኛ አይሸጥም፤ ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ዝናብ በመጣ ቁጥር አባቷ እርጥበት እንዳይገባው ያገላብጠዋል። «ይሄ ያንቺ ነው» ይላት ነበር። «ስታገቢ አልጋሽንና ቁም ሣጥንሽን የምሠራበት ነው። ከዚህ የተሠራ ዕቃ ለልጅ ልጆችሽ ይተርፋል።»

ሸራውን ገለጠችው። እጇን ጣውላው ላይ አሳረፈች። ልቧ በጣም ይመታ ነበር፤ ግን ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃትን በደንብ ታውቀዋለች፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው።

አባቷ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ በርና መስኮት ሊገጥም ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እሷም መምህሩ ለምዝገባው ጉዳይ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዋሉን ከባለጋሪው አጣርታ መጠለያው ሄደች። ልጆቹ አድገዋልና አሮጌው ቋጠሮ አይሠራም።

«እትዬ ወንበር!» አለች ሎጋዋ ዘላ ተነስታ። «የት ጠፋሽ? ቲቸር እኮ ከተኮሳተረ ቆየ። ክረምቱንም ያስጠናናል፤ ትናንት በማባዛት ሠንጠረዥ ተቆጣን፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ምን አጠፋ?»

«ለቲቸር እንዳትነግሩት» አለች ሲባጎዋን እያወጣች።

«ምኑን?»

«መምጣቴን።»

«እሺ። ግን ወንበሩ አሁንም አጭር ነው። ቀይሩ ስንለው ‹ንክች እንዳታደርጉት› ይለናል።»

አጎንብሳ ስትለካ ቋጠሮዎቹ በእንባ ብዥ አሉባት።

መጋዙን የመጀመሪያው ጣውላ ላይ ስታሳርፍ የአባቷ እህት በሩ ላይ ደረሰች። አብራቸው የምትኖር፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት።

«አንቺ ልጅ! አብደሻል? የሠርግሽን እንጨት?»

ልጅቷ መጋዙን አላነሳችም። «አዎ፣ አክስቴ።»

አክስቷ የተገለጠውን ሸራ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉትን ሲባጎዎች፣ ከዚያ የልጅቷን ፊት አየች።  

«እኔ ዓይኔ ደክሟል» አለች በመጨረሻ። «ምንም አላየሁም። ግን ስትጨርሺ ሰጋቱራውን ጥረጊ፤ ወንድሜ አፍንጫው ደህና ነው።» ሄዳ ነበር፤ ተመለሰች። «ደግሞ እሱ ልጅ፣ ጠመኔያሙ… መልኩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

እንጨቱ ጠንካራ ነው። የመጋዙ ጥርስ ዶለዶመ፣ መዳፏ ቆሰለ። ቀን በቀን ቆረጠች፣ ላገች፣ በኮላ አጣበቀች። ለአልጋ ራስጌ ይሆን የነበረው ሰፊ ጣውላ የመጻፊያ ገጽ ሆነ። ከቁም ሣጥኑ በር ለሎጋዋ ጉልበት የሚሆኑ ረጃጅም እግሮች ወጡ። በእያንዳንዱ ዴስክ ሆድ ላይ የተለካበትን ሲባጎ በትንሽ ምስማር መታችበት። ስትሠራ ያላዘነችበትን ምክንያት ራሷን ጠይቃ ነበር። መልሱን ያገኘችው የመጨረሻውን ዴስክ ስታለሰልስ አይደለም፤ የምዝገባው ቀን ጠዋት ነው።

በዚያን ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን አሰልፎ የከተማው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሟል። ወንበር የለም መባሉን ያውቃል። ቢሆንም ሁሉም ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ያላቸውን ንጹሕ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። የተመዝጋቢዎች ወላጆች ግቢውን ሞልተውታል። ጋሽ ሜትር ከመንገድ ገና መግባቱ ነው። ቤቱ እንኳ ሳይሄድ ቦርሳውን እንደያዘ ከኮሚቴው ጋር በር ላይ ተገኝቷል።

«ልጄ፣ ነግሬሃለሁ» ይለዋል መምህሩን። «ክፉ ሰው አይደለሁም። መቀመጫ የለም። ምን ላድርግ? ጭንቅላቴ ላይ ላስቀምጣቸው?»

«ቆመንም እንማራለን፣ ጋሼ» አለች ሎጋዋ ከሰልፉ።

«ዓመቱን ሙሉ?»

«እዚህ ድረስ በእግራችን ነው የመጣነው» አለችው። «መቆም ለምደናል።»

ከኋላ ጩኸት ተሰማ።

«መንገድ! መንገድ ልቀቁ! የሙሽራ ዕቃ ነው!»

ባለጋሪው ነው። ዴስክ በዴስክ ላይ ተቆልሎ ጋሪው አይታይም። ከእሱ ኋላ ሌላ ጋሪ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። ከፊት ለፊት፣ የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ጸጉሯ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ ልጅቷ ትሄዳለች።

መምህሩ አያት። ፊቱ መጀመሪያ ጠነከረ፣ ከዚያ ግራ ተጋባ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አባቷ። «ማን አዘዘ?»

«ማንም አላዘዘም፣ አባዬ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያያት ነበር። ምላሷ እንደለመደው ሊተሳሰር ሲል ተሰማት። ጫማዋን ለማየት አንገቷ ሊታጠፍ ሲል ተሰማት። አላጠፈችውም።

«የእነሱ ነው» አለች ወደ ተማሪዎቹ እያመለከተች። «ወንበር የለም ብላችኋል። ይኸው ወንበር።»

ጋሽ ሜትር ጠጋ አለ። ልማድ ነውና እጁ ቀድሞት ዴስኩን ዳሰሰው። መዳፉ ገጹ ላይ ሄዶ ሄዶ ቆመ። እንጨቱን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፤ ስንትና ስንት ክረምት አገላብጦታል።

«ይሄ…» አለ። ዴስኩን ገለበጠ። መጋጠሚያውን አየ፣ ሆዱ ላይ የተመታውን ሲባጎ አየ፣ አንድ እንከን ፈልጎ አጣ። ቀና ሲል ድምፁ የቁጣ አልነበረም። የሚደገፍበት የጠፋው ሰው ድምፅ ነበር። «ይሄ ለትዳርሽ ያስቀመጥኩት ጣውላ ነው።»

 ባለጋሪው እንኳ አፉን በእጁ ያዘ።

«ያንቺ ነው ብለኸኝ ነበር፣ አባዬ።»

«ለትዳርሽ ነው ያልኩት!»

«አዎ» አለች፣ መምህሩን እያየች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልቀጠነም። «ለትዳሬ ነው የዋለው።»

አባቷ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ዞሮ መምህሩን አየ።

«ለዚህ? ለዚህ ለደንበኛሽ?»

«ደንበኛዬ አይደለም። ያን ቀን አንተን ፈርቼ ነው እንዲያ ያልኩት። ዛሬም እፈራሃለሁ። ፈርቼም ቢሆን ይኸው እናገራለሁ፤ ደንበኛዬ አይደለም።»

ወደ መምህሩ ዞረች። በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ነበር፤ ተራመደችው።

«ባለፈው እንደምን ዋልሽ ብለኸኝ ነበር» አለችው። «አልመለስኩልህም። ደህና ነኝ። አንተስ እንደምን አለህ?»

ከወላጆቹ መካከል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗን ጠረገች።  መምህሩ ጠመኔ የለመዱ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አሁን ደህና ሆንኩ» አላት።

በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። በዚያች ቅጽበት ግቢው ቢፈርስ አትሰማም።

«እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ!» የሚለው የአባቷ ድምፅ መለሳት። «እኔ ሳልፈቅድ አንድም ዴስክ እዚህ በር አይገባም!»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አስተካክላ ከደረጃው ወረደች። ወደ ሎጋዋ ሄዳ «ተቀመጪ እስቲ» አለቻት።

ሎጋዋ ከጋሪው በወረደው ረጅም ዴስክ ላይ፣ በዚያው በግቢው መካከል ተቀመጠች። ጉልበቷ ከገጹ ሥር ሳይነካ ገባ። ክንዷን ገጹ ላይ አሳረፈች። እጇን እያየች ቆየች።

«አገሬ ሳለሁም እንዲህ ያለ አልነበረኝ» አለች ቀስ ብላ።

«እርስዎ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነዎት፣ ጋሼ» አለች ዳይሬክተሯ። «የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ እኔ ነኝ። ወንበሩን ይዞ የመጣ በር አልዘጋበትም ብዬ ሳሎንዎ ውስጥ ተናግሬያለሁ። አስገቡት።»

ጋሽ ሜትር ልጁን አየ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ይሄ ዴስክ ከገባ» አላት «አንቺ ከእንግዲህ ሥራ ቤቴን አትረግጪም።»

ሎጋዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። መምህሩ «ተይው፣ እኔ…» ብሎ ጀመረ። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ የዴስኩን አንድ ጎን ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለችው።

ያዘላት። አባቷ አጠገብ ሲያልፉ መንገድ አልለቀቀም፤ እነሱም አልቆሙም። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። ልጅ ሳለች በዚያ ትከሻ ላይ ተቀምጣ መጋዝ የሚሄድበትን ታይ ነበር። ዴስኩን ይዛ ገባች። ከኋላዋ የቀሩት ተማሪዎች እየተቀባበሉ፣ እየተገፋፉ፣ ባለጋሪው «ቀስ! ቀስ! እንጨቱ የሙሽራ ነው አልኩ!» እያለ ሁሉንም አስገቡ። ከወላጆቹም አንዳንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው አገዙ። አምስተኛ ክፍል ሲሞላ ጋሽ ሜትር ቦርሳውን አንስቶ ብቻውን ሄደ።

ያን ቀን አክስቷ አንድ ቦርሳ ልብስ በባለጋሪው ላከችላት። እሷም ሎጋዋና እናቷ ዘንድ አደረች።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያዋን ልትወስድ ሥራ ቤቱ ሄደች። መምህሩ አብሯት መጣ። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከደጃፉ ላይ የመሣሪያ ሳጥኗ ተቀምጧል፤ ዝናብ እንዳይነካው ያ የድሮው ሸራ ተጥሎበታል። ሳጥኑን ከፈተችው። መዶሻዋ፣ መላጊያዋ፣ መሮዋ ሁሉም አሉ። የዶለዶመው መጋዟ ጥርሱ አንድ በአንድ ተስሏል። በዚያ ቤት መጋዝ የሚስለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በሩን አላንኳኳችም። ሳጥኑን በሁለት ጎን ይዘው ወደ መጠለያው ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች ጉልበት መለካት ጀመረች። መጀመሪያ ግን መምህሩን አስቀምጣ ለካችው፤ በዚህኛው ልኬት የተሠራው ወንበር ልኩ ሆነ።